የአያት ስም የት ይገኛል? ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ዘርንና አገርን ስለ መፈለግ

አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍል ለአካባቢ ታሪክና ለዘር ሐረግ ፍለጋ ይለያሉ። ኢንዲያና ግዛት፣ ፎርት ዌይን ከተማ ያለው የአለን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት በዚህ ሥራ እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው፤ ሰው ከሌላ ግዛት ድረስ መኪና እየነዳ ይመጣበታል። መጪው የቤተሰቡን ስም ይዞ ይገባና የሕዝብ ቆጠራ ቅጾችን፣ የመርከብ መንገደኞችን ዝርዝር፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦችን ያገላብጣል። በየአሥር ዓመቱ የሚካሄደው ቆጠራ እያንዳንዱን ሰው በስሙ የሚመዘግብ ሲሆን፣ 72 ዓመት ሲሞላው ለሕዝብ ይከፈታል። የ1950ው ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2022 ተከፍቷል።

እዚያው አገር ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ በዚሁ መንገድ ቅድመ አያቱን ልፈልግ ቢል ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚያ ወይ «እኛ ጋ የተጻፈ ነገር የለም» ይላል፣ ወይ «ሁሉም በቃል ስለሆነ ሽማግሌው ከሞተ አለቀ» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የተጻፈ ነገር አለ፤ ብዙም ነው። የተቀመጠው ግን በቦታ ነው፦ በደብር፣ በርስት፣ በወረዳ፣ በሰፈር። ስለዚህ የእኛ ሰው ፍለጋውን ከስም ከጀመረ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከቦታ ከጀመረ ከጠበቀው በላይ ሊሄድ ይችላል።

ለምን በስም ብቻ አይገኝም

የመጀመሪያው ምክንያት የታወቀ ነው፤ በትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለንም። ከበደ አበበን ይወልዳል፣ አበበ ሰናይትን ይወልዳል፤ በሰናይት ስም ላይ ከበደ የለም። ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ሲኬድ የሚቀር የጋራ ስም አይኖርም። በአንጻሩ ይህ ልማድ ፈረንጆቹ የሌላቸውን አንድ ጥቅም ይሰጣል፦ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። በአውሮፓና በአሜሪካ የዘር ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚቆመው የእናት ወገን ላይ ሲደርስ ነው፤ ሴቲቱ በባሏ ስም ስትጻፍ የአባቷ ቤት ይጠፋል። የእኛ አያት ግን በየትም ወረቀት ላይ የአባታቸው ልጅ ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የምዝገባ ታሪካችን ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንዴት እንደሚመዘገቡ በዝርዝር ደንግጓል። ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻዎቹ አንቀጾቹ፣ በቁጥር 3361፣ እነዚህ ድንጋጌዎች ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥላቸው ድረስ እንዳይሠራባቸው አገደ። ያ ቀን ለአሥርት ዓመታት ሳይቆረጥ ቀረ። በአንዳንድ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ለጠየቀ ሰው የልደትና የጋብቻ ወረቀት ይሰጡ ነበር፤ አገር አቀፍ ምዝገባ ግን ሕጋዊ መሠረቱን ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ሥራው በተግባር የተጀመረው በ2008 ነው። የአያትዎን የልደት መዝገብ ፍለጋ ወረዳ ቢሄዱ ሠራተኛዋ ፈገግ ብትል አይቀየሟት።

የሕዝብ ቆጠራም አይረዳም። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ሦስት አገር አቀፍ ቆጠራዎች ተደርገዋል፤ ለሕዝብ የታተመው ግን ድምር ቁጥር ነው። በእርግጥ ለአካባቢ ታሪክ ድምሩም ዋጋ አለው፤ አንድ ወረዳ ስንት ሰው፣ ስንት ቤት፣ ምን ቋንቋና ሃይማኖት እንደነበረው ይነግራል። ሰውን በስሙ ግን አያገናኝም።

ቤተ መጻሕፍት ከመሄድ በፊት

እቤት የሚሠራው ሥራ ከሁሉ ይበልጣል፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። ለቤተሰብ ሽማግሌ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቅድመ አያታችን ማን ይባሉ ነበር?» የሚል ይሆናል። ከዚያ ይልቅ «የት ተቀበሩ? አጥቢያቸው የትኛው ደብር ነበር?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ስም ብዙ ሰው ይጋራዋል፤ አጥቢያ ግን አንድ ነው። የአጥቢያው ታቦት ከታወቀ ቀበሌው ይታወቃል፣ ከዚያም ምክትል ወረዳው፣ ወረዳው፣ አውራጃው።

እዚህ ላይ የአስተዳደር ስሞች መለዋወጥ ራስ ያዞራል። ጠቅላይ ግዛት ክፍለ ሀገር ሆነ፣ ክፍለ ሀገር ክልል ሆነ፤ አውራጃ ቀረ፣ ዞን መጣ። በንጉሡ ዘመን ወረቀት ላይ «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ» የሚል ያየ ሰው ዛሬ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ሥር ነው የሚፈልገው። የከተማ ስምም እንዲሁ፦ አዳማ ናዝሬት ነበረ፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አምቦ ሀገረ ሕይወት፣ ጭሮ አሰበ ተፈሪ፣ ቡሌ ሆራ ሀገረ ማርያም። ፍለጋ ሲደረግ ሁለቱንም ስም መያዝ ግድ ነው፤ አሮጌው ስም በአሮጌው ወረቀት፣ አዲሱ በአዲሱ ይገኛልና።

ቀጥሎ ዘመን ነው። «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ተብለው የሚጠየቁ አዛውንት ብዙ ጊዜ «እኔ እንጃ ልጄ» ይላሉ። ዓመቱን አያውቁ ይሆናል፤ ዘመኑን ግን ያውቃሉ። ክፉ ቀን የሚባለው ረኀብ ከ1880 እስከ 1884 ባሉት ዓመታት ነው። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ 1929፣ የጣሊያን መውጣት 1933። «እናቴ በኅዳር በሽታ እርጉዝ ነበረች»፣ «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» የሚል ንግግር ከብዙ የልደት ወረቀት የበለጠ ይታመናል። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ዕድሜውን ለትምህርት ቤት፣ ለጡረታ ወይም ለቪዛ አመቻችቶ ያወጣው ነውና።

አዛውንቱ ዘመኑን በወንጌላዊ ስም ከነገሩዎት ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩና ለአራት ያካፍሉ፤ 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ አንዲት አያት «ከኅዳር በሽታ በኋላ፣ ታላቅ ወንድሜ ገና ጡት ሳይጥል፣ በዘመነ ማርቆስ ተወለድኩ» አሉ እንበል። 1911 ሲደመር 5500፣ 7411 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ የበሽታው ዓመት ራሱ ዘመነ ሉቃስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዘመነ ማርቆስ 1914 ነው። በወር ደረጃ የበዓሉን ቀን ካስታወሱ፣ «የጥር ጊዮርጊስ ማግስት» ካሉ፣ ልደታቸው ከነቀኑ ተገኘ ማለት ነው። ወደ ፈረንጅ ቀን ሲቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይደመራል። ብዙ የውጭ አገር ወረቀቶቻችን ላይ ያለው «ጃንዋሪ 1» የሚል የልደት ቀን ማንም እናት ያወቀችው ቀን አይደለም፤ ጸሐፊው ባዶውን ቦታ የሞላበት ነው። ዓመቱንም በጥርጣሬ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ 7 ወይም 8 ሳይደመርበት እንዳለ ተገልብጧል።

አንድ ሰው፣ ብዙ ስም

ከዚያም ሰውዬው በምን ስም ተጻፉ የሚለው ጥያቄ አለ። በዓለም ስማቸው ካሣ የተባሉት ሰው በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ላይ በክርስትና ስማቸው ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ማርያም ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን ስም አንድ ላይ ያልያዘ ፈላጊ አያቱን በእጁ ይዞ ገልጦ ያልፋቸዋል። የክርስትና ስም ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በፍትሐትና በተዝካር ስለሆነ፣ ቤተሰቡን «ተዝካራቸው ሲወጣ በማን ስም ተጠሩ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል።

የጦር ሰው ከነበሩ የፈረስ ስም ይጨመራል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ እንደሚባሉት፣ ከእነሱ በታች ያሉ አለቆችም የየራሳቸው ነበራቸው፤ ፉከራና ሙሾ ሰውን በዚህ ስም ይጠራል። ማዕረግም ይለዋወጣል። በ1917 ባላምባራስ የተባሉት ሰው በ1923 ግራዝማች፣ ከነፃነት በኋላ ቀኛዝማች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ሦስት ሰው የመሰለው አንድ ሰው ነው። በተቃራኒው ደግሞ ማዕረጉን መነሻ አድርጎ ጽሑፉ የተጻፈበትን ዘመን መገመት ይቻላል።

የፊደሉ ነገርም አለ። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ካታሎግ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ሲሆን ይብሳል፤ አማርኛው በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ተቋም በራሱ ሥርዓት ይጽፈዋል፤ አንዱ ጸሐፊውን በራሱ ስም፣ ሌላው በአባቱ ስም ያስገባዋል። አንድ ጊዜ ፈልጎ «የለም» ማለት አይገባም። በሁሉም አጻጻፍ፣ በሁለቱም ስም መሞከር ነው።

ወመዘክርና ስድስት ኪሎ

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ቦታዎች ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማሉ። አንደኛው በ1936 የተከፈተው፣ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ወመዘክር የሚለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው። በአገር ውስጥ የሚታተም ጽሑፍ ቅጂው ለዚህ ተቋም እንዲገባ ሕግ ስለሚያስገድድ፣ ሌላ ቦታ ያልተረፈ የወረዳ መጽሔት፣ የትምህርት ቤት የኢዮቤልዩ መጽሔት፣ የደብር ታሪክ ቡክሌት እዚያ የመገኘት ዕድል አለው። እነዚህ ቀጫጭን ሕትመቶች ለአካባቢ ታሪክ ወርቅ ናቸው፤ መጽሐፍ መደብር አይሸጣቸውም፣ ኢንተርኔት ላይም የሉም። የአንድ ትምህርት ቤት 50ኛ ዓመት መጽሔት የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች፣ መሬቱን የሰጡትን ሰው፣ ግንብ ያስገነቡትን የአገር ሽማግሌዎች በስም ይዘረዝራል።

ጋዜጦቹም እዚያ አሉ። በ1917 የጀመረው ብርሃንና ሰላም፣ በ1933 ጣሊያን እንደወጣ የተቋቋመው አዲስ ዘመን፣ በ1934 የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ። በአዲስ ዘመን ላይ ሰው የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ትልልቁን ዜና ነው። ለዘር ፈላጊ ግን ሀብቱ በትንንሹ ማስታወቂያ ውስጥ ነው፦ የሹመት ዝርዝር፣ የሐዘን መግለጫ፣ ከሁሉ በላይ የፍርድ ቤት ጥሪ። የውርስ ክርክር ጥሪ ሟችን፣ ሚስትን፣ ልጆችን፣ አንዳንዴም ቤቱ ያለበትን ሰፈር በአንድ አንቀጽ ያስቀምጣል። ችግሩ የድሮው ጋዜጣ በቃል ፍለጋ አይገኝም፤ በየዓመቱ የተጠረዘውን ገጽ በገጽ መግለጥ ነው። ዘመኑን በቅድሚያ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ማጥበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ አለዚያ ዕድሜ አይበቃም።

ሁለተኛው ቦታ በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ነው የተቋቋመው፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ብራና፣ ፎቶግራፍ፣ የውጭ ተጓዦች መጻሕፍት ይዟል። ለእኛ ጉዳይ ግን ማንም የማያወራለት ክምችት ይበልጣል፦ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች። ለአሥርት ዓመታት ተማሪዎች ወደ ተወለዱበት አውራጃ እየተላኩ የአንድ ከተማን አመሠራረት፣ የአንድ ገበያን ታሪክ፣ የአንድ ባላባት ቤተሰብን ይዞታ ጽፈዋል። አብዛኞቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዳንዶቹ ደካማ ናቸው፣ እውነት ለመናገር። ነገር ግን በመጨረሻ ገጻቸው ላይ ያነጋገሯቸውን ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ዘርዝረዋል። እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም። ያሉት ነገር ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የክልል ዩኒቨርሲቲዎችም በየፊናቸው ተመሳሳይ ጽሑፍ አከማችተዋል፤ ለጎንደር ቤተሰብ ጎንደር፣ ለጅማ ቤተሰብ ጅማ መጠየቅ ነው።

ሁለቱም ቦታ መጽሐፉን አውጥቶ አያውስም፤ የሚነበበው እዚያው ነው። መደርደሪያውን ራስዎ አይገቡበትም፤ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ጠይቀው ያመጣልዎታል። ስለዚህ ጥያቄው እንዴት እንደሚቀርብ ለውጥ ያመጣል። «ስለ አያቴ የተጻፈ አለ?» ያለ ሰው «የለም» ይባላል። «ስለ መንዝ፣ ከ1920 እስከ 1940 ባለው ጊዜ፣ ስለ መሬትና ስለ አርበኞች የተጻፈ ምን አላችሁ?» ያለ ሰው ጠረጴዛው ይሞላል። በ2014 አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለማንበቢያ ቦታና ለታተሙ መጻሕፍት ይመቻል፤ አሮጌ ሰነድ ለሚፈልግ ግን ወመዘክርና ስድስት ኪሎን አይተካም።

የካርታ ነገር ብዙ ሰው አይታየውም። ጣሊያኖች በጦርነቱና በወረራው ዓመታት የአገሪቱን ሰፊ ክፍል ከአውሮፕላን ፎቶ አንሥተዋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በካርታ ሥራ ድርጅት ክምችት ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተሙት የምሥራቅ አፍሪካ የጉዞ መምሪያም በየመንገዱ ያሉትን ገበያዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መንደሮች በኪሎ ሜትር እየለካ ይዘረዝራል። ያገኙት የወራሪ ዓይን ነው፣ ይህ አይረሳም፤ ቢሆንም የአያትዎ መንደር በዚያን ጊዜ የት ላይ እንደነበረና ስንት ሰዓት ከገበያ እንደሚርቅ ሌላ ማንም አልጻፈልዎትም።

በብራናው ኅዳግ ላይ

ብራና ለጸሎትና ለትምህርት የተጻፈ ቢሆንም፣ ባዶ ቅጠሉና ኅዳጉ የአካባቢው መዝገብ ቤት ነበር። ስለ ርስትና ጉልት ስጦታ፣ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ኑዛዜ፣ ስለ ምስክሮች የተጻፈው በወንጌሉ መጀመሪያና መጨረሻ ነው፤ ቃሉን የሚሽር እንዲረገም ጭምር። በተለይ በ18ኛው መቶ ዘመን የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብራናዎች የቤትና የመሬት ሽያጭን ከሻጭ፣ ከገዥና ከዋስ ስም ጋር ይዘዋል። ሴቶች ገዝተውና ሸጠው፣ በገዛ ስማቸው ተጽፈው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ የማይክሮፊልም ሥራው ታሪክ መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከሚኒሶታው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። አብዛኛውን ካታሎግ ያዘጋጁት እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በየብራናው ኅዳግ ላይ ያለውን የሰውና የቦታ ስም እየለቀሙ መዝግበዋል። ክምችቱ ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል፤ መመዝገብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። አትላንታ ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጦ የአያቱን ደብር ስም በካታሎጉ ውስጥ መፈለግ የሚችል ሰው አለ ማለት ነው፤ ግእዝ የሚያነብለት ዘመድ ወይም የደብር መሪጌታ ካገኘ። ለወሎና ለሐረር ሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ ብራናዎች አሉ፤ ስድስት ኪሎም የዚህ ዓይነት ስብስብ አለው።

ዘር ቆጠራ ለምን ተቆጠረ?

በሰሜኑ ክፍል፣ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሰሜን ሸዋና በወሎ፣ ዘር የሚቆጠረው ለርስት ነበር። አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው መጀመሪያ አገሩን ካቀናው ዋና አባት መወለዱን አስመስክሮ ነው፤ በአባቱም በእናቱም መቁጠር ይችላል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ይህ ሥርዓት እስከ የካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ዘለቀ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች እጅግ ብዙ ትውልድ በቃላቸው ይዘዋል፤ በፍርድ ቤት ክርክርም ላይ አስጽፈውታል። ለዘር ፈላጊ ከዚህ የሚበልጥ ሀብት የለም።

ጥንቃቄ የሚሻውም ለዚሁ ነው። ቆጠራው የክርክር ማስረጃ ነበር። ሰው መሬት የሚያስገኝለትን ወገን ይቆጥራል፤ የማያስገኘውን ይተዋል። አንዱ ወንድም በእናቱ በኩል ወደ አንድ አቅኚ አባት፣ ሌላው በአባቱ በኩል ወደ ሌላ ሊቆጥር ይችላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ንጉሥ ዘንድ የማይደርስ ቆጠራ ብርቅ ነው፤ ሁላችንም የልዑል ዘር ከሆንን ያን ሁሉ ማሳ ማን እንዳረሰው ቆም ብሎ ማሰብ ደግ ነው። የሚዘለለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ሸማኔ የነበረ አያት በብዙ ቤት ይደበቃል። በባርነት የነበሩ ሰዎች ደግሞ ክርስትና ሲነሡ አዲስ ስም ወጥቶላቸው፣ የጌታቸው ቤት ሰው ተብለው ስለሚቆጠሩ ወላጆቻቸው ከቆጠራው ወጥተዋል፤ ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ነው፣ ሩቅ አይደለም። በአንድ ቆጠራ ላይ አባቱ የማይጠራ ሰው ሲያጋጥም ያንን ክፍተት በግምት መሙላት አይገባም፤ ክፍተቱን እንዳለ መጻፍ ነው።

ሌላው አካባቢ ሌላ ሥርዓት አለው። ሶማሌዎች አብቲርሲ በሚሉት ቆጠራ ልጅ ገና በሕፃንነቱ የአባቶቹን ስም ወደ ላይ ይሸመድዳል፤ የሚቆጠረውም በአባት ወገን ነው። በደቡብና በምሥራቅ መሬቱ በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ በተለካበት አገር ደግሞ ባለ መሬቱ በስም የተጻፈበት የግብር መዝገብ የመኖር ዕድሉ ይሰፋል። በጎጃም ግን ገበሬው መሬት መለካትን የርስት መነጠቂያ አድርጎ ስላየው በ1960 በግብርና ገቢ ግብር ሳቢያ እስከ ማመፅ ደርሷል፤ እዚያ የግለሰብ የመሬት መዝገብ ካልተገኘ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሰፈር፣ እድርና ቀበሌ

ቤተሰቡ የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነ ቦታው ሰፈር ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ጌጃ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር፦ ከተማዋ ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በየጉብታው ስለሰፈሩ ብዙው ሰፈር የአንድ ሹም ወይም የአንድ ሥራ ስም ይዟል። የሰፈሩ ስም አያትዎ በማን ሥር ወይም በምን ሥራ ወደ ከተማ እንደገቡ ፍንጭ ይሰጣል። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው።

ከተማ ውስጥ ማንም ሳያስበው የቤተሰብ መዝገብ ሲይዝ የኖረው እድር ነው። የእድር ደብተር አባሉን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ እናት አባቱን፣ አንዳንዴም የሚስቱን ወላጆች በስም ይመዘግባል፤ ለማን ሞት ስንት እንደሚከፈል ማወቅ አለበትና። የሞት ቀንና የተከፈለው ገንዘብም ይጻፋል። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር መዝገብም እንዲሁ። እነዚህ ደብተሮች በጸሐፊው ቤት ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ሰፈር ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲበተን አብረው ይጠፋሉ። የቀበሌ ፋይሎችም አሉ፤ ቀበሌዎች የተቋቋሙት ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለውን የቤተሰብ ቅጽ፣ የቤት ቁጥርና የኪራይ ወረቀት ይዘዋል። ቀበሌዎቹ በኋላ ስለተዋሐዱ ፋይሉ ዛሬ የት ወረዳ እንዳለ መጠየቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ባሕር ማዶ ላሉ

በውጭ ያለ ሰው በአቅራቢያው ያለውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሌላ ነገር ሊጠቀምበት ይችላል። በአሜሪካ ብዙዎቹ ለአባላት በክፍያ የሚከፈቱትን የዘር ፍለጋ ድረ ገጾች በነፃ ያስጠቅማሉ፤ ፋሚሊ ሰርች የሚባለውም ከብዙ ቤተ መጻሕፍት ጋር ይሠራል። እዚያ የኢትዮጵያ መንደር አይገኝም። መጽሐፍን ከሌላ ቤተ መጻሕፍት የማስመጣት አገልግሎት ግን አለ፤ ስለ አውራጃዎ የተጻፈ የዶክትሬት ጽሑፍ ከሌላ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሊመጣልዎት ይችላል፣ ያለ ክፍያ ወይም በትንሽ ክፍያ። ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት የከተማዋን ታሪክ የሚሰበስብ ክፍል አለ፤ አዳምስ ሞርጋን ላይ ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ታሪክም የዚያች ከተማ የአካባቢ ታሪክ ነው።

በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ሌላ ውስብስብ ነገር ገጥሟቸዋል። ጋብቻ ለመፍቀድ ሰባት ትውልድ መቁጠር የኖረ ሥርዓታቸው ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቻቸው ብርቱ ቆጣሪዎች ናቸው። እስራኤል ሲገቡ ግን የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ተመዘገበ፣ ለብዙዎችም የዕብራይስጥ ስም ተጨመረ። አንዳንድ ወንድማማቾች በተለያየ የቤተሰብ ስም ተጽፈዋል። ለእነሱ የመጀመሪያው ሥራ የዕብራይስጡን ስም ከአማርኛው ወይም ከትግርኛው ስም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

በጉዲፈቻ ወደ ውጭ የሄዱ ልጆች ደግሞ ከሁሉም የጠበበ በር ነው ያላቸው። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 በሕግ እስኪቆም ድረስ የሚጸድቀው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነበር፤ ስለዚህ በእጃቸው ያለው ወረቀት ላይ የሚፈልጉት የመዝገብ ቁጥሩን፣ የውሳኔውን ቀንና ልጁ የመጣበትን ወረዳ ነው። የልጁ ስምና ዕድሜ በወረቀቱ ላይ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ የወረዳውና የቀበሌው ስም ግን በብዛት እንዳለ ይቀራል። እዚህም ቦታው ከስሙ ይቀድማል።

ያገኙትን ሲያስቀምጡ ለእያንዳንዱ ስም ማን እንደነገረዎት፣ በየትኛው ቀንና ቦታ፣ በየትኛው መዝገብ ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳዩት አብረው ይጻፉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ከተጋጩ ሁለቱንም ይያዙ። የሰፈራችሁ እድር ደብተር በእጃችሁ ካለ፣ ጸሐፊውንና ኮሚቴውን አስፈቅዳችሁ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንሡት። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ዝርዝር ለይታችሁ የቆየውን ቅጂ ለወመዘክር ወይም ለአቅራቢያችሁ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ማስረከብ ይቻላል። ስታስረክቡ የእድሩን ስም፣ ሰፈሩን፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ቀበሌ፣ ደብተሩ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ዓመት በላዩ ጻፉበት።